የቢራው ሒሳብ

ኅዳር 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ብሊዳ በተባለችው የአልጄሪያ ከተማ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሲጫወት፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጠባብ ግሮሰሪ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጬ ነበር። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ተጨናንቀናል። አልጄሪያ ከጥቂት ወራት በፊት በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ፣ የኋላ ኋላ ዋንጫውን የወሰደችውን ጀርመንን እስከ ጭማሪ ሰዓት ያስጨነቀች አገር ናት። ስለዚህ ድል የጠበቀ አልነበረም፤ የሁላችንም ጸሎት «ብዙ አታግባብን» የሚል ብቻ ነበር።

ታዲያ ጨዋታው ገና ሃያ ደቂቃ አለፍ እንዳለ፣ ማንም ባልጠበቀው ሰዓት ኡመድ ኡኩሪ አገባ! ግሮሰሪው ተናወጠ። ወንበር ተገለበጠ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ረጅም ወጣት ነበር። መልኩን ያየ ሁሉ የጋምቤላ ልጅ መሆኑን ገምቷል። ሕዝቡ ወደ እሱ ዞረ። ጎሉን እሱ ያገባ ይመስል አቀፉት፣ ሳሙት፣ ትከሻውን ደበደቡት። «የእኛ ልጅ! የእኛ አንበሳ!» ተባለ። ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ አስተናጋጁን ጠርቶ «ለወንድሜ አንድ ቢራ!» አለ። ወጣቱ አፍሮ ፈገግ አለና ቢራውን ተቀበለ።

ደስታችን ከዐሥር ደቂቃ ብዙም አላለፈም። ፌጉሊ አቻ አደረጋቸው፤ ማህሬዝ ጨመረ፤ ለዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ብራሂሚ ሦስተኛውን አገባ። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ወጣቱ በደንብ ለማየት ብድግ ብሎ ነበር። ያ ቢራ የጋበዘው ሰውዬ ዞር አለና «ቁጭ በል አትጋርደን!» ሲል ጮኸበት፤ አስከትሎም አንድ ቃል ጣለ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢ ያውቀዋል። በ1934 ዓ.ም. አዋጅ የወጣበት፣ ሰው እንደ ከብት ይሸጥበት ከነበረው ገበያ የተረፈን ቃል ነው። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ነገር ግን ምንም አልተናገርኩም።

ወጣቱም ምንም አልተናገረም። አስተናጋጁን ጠርቶ የቢራውን ዋጋ ጠየቀ። ከኪሱ ገንዘቡን አውጥቶ ቆጠረ፤ ሄዶ በሰውዬው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት፤ ያልተጋመሰውን ቢራ እዚያው ትቶ ወጣ። ጨዋታው ሦስት ለአንድ አለቀ።

እነሆ ዓመታት አልፈው ከዚያ ጨዋታ የማስታውሰው ጎሉን አይደለም፤ ያንን ሒሳብ ነው። ለመሆኑ ያ ልጅ የከፈለው የምኑን ነበር? እኛስ «የእኛ» ብለን ስንሰጠው ምን ሰጠነው? ስንነጥቀውስ ምን ነጠቅነው? ለመንጠቅ ሥልጣኑን ከየት አገኘነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት የአግቢውን መንገድ መከተል ይበጃል። ኡመድ ኡኩሪ የጋምቤላ ልጅ ነው። በአዲስ አበባ በመከላከያ፣ ቀጥሎም በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱት አንዱ ነበር። በ2006 ዓ.ም. መገባደጃ ወደ ግብፅ ተሻግሮ የእስክንድርያውን አል ኢትሃድን ተቀላቀለ፤ ኤንፒን ጨምሮ በሌሎች የግብፅ ክለቦችም ዓመታት ቆየ። ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ለሀዲያ ሆሳዕና ከተጫወተ በኋላ ወደ ኦማን አቀና።

ሌላውም የጋምቤላ ልጅ ጋቶች ፓኖም፣ አጥቂ ሳይሆን አማካይ ቢሆንም፣ መንገዱ ይመሳሰላል። ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ካስፒያን ባሕር ዳር ወዳለው አንዚ ማካችካላ፣ ሳሙኤል ኤቶ አንድ ሰሞን በውድ ዋጋ ወደተገዛበት የሩሲያ ክለብ ሄደ። ብዙም አልቆየም፤ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ በአገር ውስጥም በግብፅም ተጫውቷል። ክለቡ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ፈርሷል። በውጭ አገር የሚጫወት ኳስ ተጫዋች ኑሮው ይኸው ነው፤ ዛሬ ይፈለጋል፣ ነገ ውሉ ይቀደዳል፣ ከነገ ወዲያ ሻንጣውን ይሸክፋል። ይህ የሙያው ጠባይ ነው፤ በዚህ የሚያማርር የለም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ውጭ አገር» የሚጀምረው ከየት ነው?

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ የጽሑፍ ሥራ ጋምቤላ ሄጄ ነበር። በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወስደው መንገድ ቡሬን ካለፈ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሙቀቱ ፊትን ይለበልባል። ከታች ባሮ ሰፍቶ ይታያል። አንድ ማታ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ የእንግሊዝን ሊግ ስመለከት፣ አጠገቤ ከተቀመጠ አንድ አስተማሪ ጋር ወሬ ጀመርን። ስለ ኡመድ አነሣሁበት። «ውጭ አገር መጫወቱ ያኮራችኋል አይደል?» አልኩት። አስተማሪው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል እንዲህ አለኝ፦ «የትኛውን ውጭ ነው የምትለኝ? እኔ አዲስ አበባ ስማር አራት ዓመት ሙሉ ከየት አገር እንደመጣሁ ተጠይቄአለሁ። ሱዳን ነህ ይሉኛል፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስል አማርኛዬን ያደንቁልኛል። ኡመድ ውጭ የሄደው እስክንድርያ ሲሄድ እንዳይመስልህ። አዲስ አበባ ሲሄድ ነው።»

ይህን ስሰማ ያ የግሮሰሪ ልጅ ትዝ አለኝ። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። አንድ ሰው በገዛ አገሩ ዋና ከተማ «ከየት ነህ?» እየተባለ ኖሮ፣ ግብፅ ሲደርስ ያለ አንዳች ክርክር «ኢትዮጵያዊው» ይባላል። በጋዜጣ የሚጻፈው፣ በሬዲዮ የሚጠራው በአገሩ ስም ነው። ኢትዮጵያዊነቱ ሳይሸራረፍ የተሰጠው ከኢትዮጵያ ሲወጣ ነው ማለት ነው። ባሮም እንዲሁ ነው፤ ከደጋችን ወርዶ በጋምቤላ አልፎ ሶባትን ይሆናል፣ ከነጭ ዓባይ ተቀላቅሎ እስከ ሜዲትራንያን ይዘልቃል። ውኃውን «ከየት ነህ?» ብሎ የሚመልሰው የለም።

ጋምቤላን የአገር ጫፍ፣ የባዳ ደጃፍ አድርገን የምናይበት ዐይን ታሪክንም የዘነጋ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተከራየ። ከዚያ በኋላ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከካርቱም እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይሄዱ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃነቷን ባገኘችበት በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግሊዞቹ ለንግድ መጥተው በጋምቤላ ሲኖሩ እንግሊዝነታቸውን የጠየቃቸው የለም። ባለቤቱን ግን አዲስ አበባ እንጠይቀዋለን።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ሊቃወመኝ ይችላል። «ኳስ እኮ ነው! ደጋፊ ሲናደድ ሁሉንም ይሳደባል። የመርካቶውም ልጅ ሲስት ይሰደባል» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ይሰደባል። ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። የመርካቶው ልጅ ሲስት የሚሰደበው እግሩ ነው፤ ቢበዛ እናቱ። «አገርህ ግባ» አይባልም። የጋምቤላው ልጅ ሲስት ግን የሚሰደበው ትውልዱ ነው። እግር በልምምድ ይስተካከላል፤ ትውልድ በምን ልምምድ ይስተካከላል? አንደኛው ስድብ ሥራን ይነቅፋል፤ ሁለተኛው ሰውየውን ከማኅበር ያወጣል። ያ ግሮሰሪ ውስጥ የነበረው ተማሪ ደግሞ ጭራሽ አልተጫወተም። ባላገባው ጎል ተሳመ፤ ባልገቡበት ጎሎች ተሰደበ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ከእንግሊዝ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሐምሌ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በዌምብሌይ፣ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ በመለያ ምት በጣሊያን ስትሸነፍ፣ ሦስቱ የሳቱት ልጆች ራሽፎርድ፣ ሳንቾና ሳካ ነበሩ። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። በዚያው ሌሊት የዘር ስድብ በስልካቸው ላይ ዘነበባቸው። ራሽፎርድ ከአንድ ዓመት በፊት ለድሃ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ ተሟግቶ መንግሥትን ሐሳብ ያስለወጠ፣ አገር ያመሰገነው ልጅ ነው። ምስጋናው አንድ ምት እስኪስት ድረስ ነበር። በሌላ በኩል ሃሪ ኬን በ2015 ዓ.ም. በኳታሩ የዓለም ዋንጫ በፈረንሳይ ላይ ወሳኝ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ተወቀሰ፤ እንግሊዛዊነቱን ግን የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱም አጥቂዎች ኋላ ከአገራቸው ወጡ፤ ኬን ወደ ባየር ሙኒክ፣ ራሽፎርድ በውሰት ወደ ባርሴሎና። ሲወጡ ግን አንደኛው የያዘው ፓስፖርት ብቻ ነው፤ ሌላኛው ከፓስፖርቱ ጋር ያንን ሌሊት ይዟል።

ይሁንና የእንግሊዙን ታሪክ ሳነሣ አንድ ነገር መተው የለብኝም። በማንቸስተር ግድግዳ ላይ የተሣለው የራሽፎርድ ሥዕል በዚያ ሌሊት ተበላሽቶ ነበር። በማግሥቱ የሠፈሩ ሰዎች መጥተው ያንን የተበላሸ ቦታ በደብዳቤና በአበባ ሸፈኑት። ጎል አግብቶ አይደለም፤ ስቶ ነው። እኔ በዚያ ግሮሰሪ ሳደርገው የሚገባኝንና ያላደረግሁትን ነገር እነዚያ ሰዎች አደረጉት።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይኸኛው ጠንከር ያለ ነው። «ጋምቤላ ውስጥስ? እዚያስ የእኛና የእነሱ የለም ወይ?» የሚል። አለ። አኙዋክና ኑዌር፣ ደገኛና ቆለኛ በዚያች ከተማ በዚህ ቃል ብዙ ደም ተፋሰዋል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች በመንገድ ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ ሳይጣራ በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች ተገደሉ። ያን ቀን ሰው የተፈረደበት በሥራው ሳይሆን በመልኩና በስሙ ነው። የግሮሰሪውን ስድብ ከዚህ ጋር አንድ ነው አልልም፤ ቃልና ጥይት አንድ አይደሉም። ሒሳቡ ግን ከአንድ መዝገብ የወጣ ነው። አንዱ ባደረገው ሌላውን ማስከፈል! ባገባው ሌላውን የሚስም እጅ፣ በገደለው ሌላውን ለመምታት እምብዛም አይርቅም።

በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው በጋምቤላ የኑዌር መንደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትን ወሰዱ። በዚያን ጊዜ ሁለት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አገር «ልጆቼ» አለች። ደግ አደረገች። ግን ውድ አንባቢ፣ አንድ ነገር እናስተውል። ለሞተ ሰው «የእኛ» ማለት ቀላል ነው፤ ሙት ምንም አይጠይቀንም። ለጎል አግቢም «የእኛ» ማለት ቀላል ነው፤ እሱ ይሰጠናል እንጂ አይቀበለንም። ከባዱ በመካከል ያለው ነው። ያልሞተው፣ ጎልም ያላገባው። ቤት የሚከራየው፣ ሥራ የሚፈልገው፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጠው፣ ግሮሰሪ ገብቶ በሩ አጠገብ ብቻውን ኳስ የሚያየው። «የእኛ» የሚለው ቃል እውነት ወይም ሐሰት የሚሆነው በዚህኛው ሰው ላይ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ነገር አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዋስትና ይባላል። ዋስ የሚጠራው ለከፈለ ሰው አይደለም። ዕዳ የሌለበት፣ የተመሰገነ፣ ያሸነፈ ሰው ዋስ አያስፈልገውም። ዋስ የሚያስፈልገው የተጠረጠረ፣ የጎደለበት፣ ገና ያልታወቀ ሰው ነው። ዋስ ማለት «እሱ ቢጎድል በእኔ ይሞላ» ማለት ነው። ለእኔ «የእኛ ልጅ» የሚለው ቃል ትርጉም ካለው ይህ ነው። የንብረት ቃል አይደለም፤ የዋስትና ቃል ነው። ኡመድ ሲያገባ «የእኛ» ያልነው ሰዎች ትርፍ ተካፋዮች ነበርን። ሦስቱ ጎሎች ሲገቡ ግን ዋሱ ጠፋ። ያ ተማሪ የቢራውን ሒሳብ የከፈለው ይህን ከእኛ ቀድሞ ስለተረዳ ይመስለኛል። ሲጠፋበት የሚካድ ዝምድና ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው። ብድሩን በዚያው ሌሊት መለሰ፤ ዕዳ ሳይኖርበት ወጣ። ባለዕዳ ሆነን የቀረነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ መጻፍ አይከብድም። የከበደኝን ልንገራችሁና ላብቃ።

ባለፈው ዓመት እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንዲት ክፍል ቤት ተለቅቃ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆማለች። የጋምቤላ ልጅ ናት፤ በአንድ ቢሮ ተቀጥራ አዲስ አበባ መምጣቷ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ልጅቷን ከውጭ አቁመው እኔን ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ስታመም አጥሚት ሠርተው ያጠጡኝ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ምን ይመስልሃል? እነዚህን ሰዎች እኮ አላውቃቸውም» አሉኝ።

«እትዬ፣ የእኛው ልጅ ናት» አልኳቸው። ያ ቃል ከአፌ ወጣ። ሲወጣም የግሮሰሪው ሰውዬ ድምፅ መሰለኝ።

እትዬ ግን ከእኔ ይልቅ የቃሉን ክብደት ያውቁ ነበር። «እንግዲያ ዋስ ትሆናታለህ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ለማያውቋት ልጅ ዋስ መሆን! ኪራዩን ባትከፍልስ? ብትጠፋስ? ኡመድ ሲያገባ ለመጮህ ሴኮንድ ያልፈጀብኝ ሰው፣ እዚያ ቆሜ ደቂቃ ያህል አሰብኩ። ለእኔ ሲከራዩኝ ዋስ አምጣ እንዳላሉኝም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ይህንንም ነገርኳቸው። እትዬ አቀርቅረው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መልስ አልሰጡኝም። እኔም «እሆናለሁ» አልኩ።

ልጅቷ ገብታለች። ኪራይዋን በወሩ መጀመሪያ ትከፍላለች፤ ቡናም ተጠራርተን እንጠጣለን። ይህን የምለው ዋስትናዬ እንዳላሳፈረኝ ለመንገር አይደለም። አንድ ወር ቢጎድልባት ኖሮ ነበር ቃሌ የሚመዘነው። እስካሁን አልተመዘነም። ያ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረ ወጣት ይህን ጽሑፍ ቢያነብ፣ ቢራውን ዛሬ ልክፈልልህ አልለውም፤ እሱ ከፍሎ ጨርሷል። ያን ማታ ዝም ማለቴን ግን አምናለሁ።